ከባሕር ሲቆጠር ሦስተኛው ዋሻ

መቐለ ባቡር አይገባም። ቅርብ የሚባለው ሐዲድ ያለው አስመራ ነው፤ በውቅሮና በአዲግራት አድርጎ በጭነት መኪና ሁለት ቀን፣ መንገዱ ከጨቀየ አራት ቀን ያስኬዳል። እንዲህም ሆኖ ወደዚህ ከተማ በመምህርነት በተላክሁ ጊዜ ስለ ባቡር ማውራት የማይሰለቻቸው ሁለት ሰዎች አገኘሁ፤ ሦስተኛው እኔ ሆንሁ። ስለዚያ ጊዜ የምጽፈው ጨዋታው ናፍቆኝ አይደለም። በጨዋታችን የአንዲት ሴት ኑሮ ስለ ፈረሰ ነው። እንዴት እንደ ፈረሰ ደግሞ በቅደም ተከተል የማውቀው እኔ ነኝ።

የተወለድሁት አቃቂ ነው፤ ከሐዲዱ አጠገብ። ከጂቡቲ እስከ አዲስ አበባ ያሉትን ጣቢያዎች ዳዊት ከመድገሜ በፊት በቃሌ አውቃቸው ነበር። መቐለ ስደርስ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ጣሊያን ከወጣ ሦስተኛ ዓመቱ ቢሆንም ሐዘን ያልገባበት ቤት አልነበረም፤ ከተማሪዎቼ መካከል አባት ያለውን መቁጠር አባት የሌለውን ከመቁጠር ይቀል ነበር። ትምህርት ቤቱ ጣሊያኖች የዱቄት መጋዘን ያደረጉት ቤት ነው። ልጆቹ አማርኛን ከእኔ ይማራሉ፤ እኔ ትግርኛን ከእነሱ። በመጣሁ በሁለተኛው ወር ተስቦ ገብቶ አራት ተማሪዎች ወሰደብኝ። የቀብሩን መንገድ አራት ጊዜ ሄጄበታለሁና እሑድ እሑድ ስለ ሌላ ነገር የሚያወራ ሰው ማግኘቴን እንደ መድኃኒት ቆጠርሁት።

የመጀመሪያው ሰው ከምጽዋ እስከ አስመራ በሚወጣው ባቡር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ፍሬን ያዥ የነበረ የእንደርታ ሰው ነው። ፍሬን ያዥ ማለት በፉርጎዎቹ መካከል በምትገኝ ጠባብ ጎጆ ውስጥ ተቀምጦ ከፊት ያለው ሞተር ሲያፏጭ የብረት መዘውር የሚያዞር ሰው ነው። ቁልቁለት ላይ ባቡሩን የሚይዘው ሞተሩ ብቻ አይደለም፤ እነዚህ ሰዎች ናቸው። ከግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም። አሁን በገበያው ዳር ጫማ ይጠግናል።

ሁለተኛው ከወሎ መጥተው መቐለ የከረሙ የጨርቅ ነጋዴ ናቸው። ወደ መካ ሲሄዱ ከአስመራ እስከ ምጽዋ በባቡር ወርደዋል፤ ሲመለሱም በዚያው ወጥተዋል። በሕይወታቸው ባቡር የተሳፈሩት ያን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ነገር ግን የትኛው ጣቢያ ላይ ሎሚ እንደሚሸጥ፣ የት ላይ ሞተሩ ውሃ እንደሚጠጣ አንዱንም አልረሱም። ሁላችንም ሐጂ እንላቸዋለን። የምንሰበሰበው ከሱቃቸው በረንዳ ላይ ነበር፤ እሑድ ከቀትር በኋላ፣ እኛ ከቅዳሴ ከተመለስን፣ እሳቸውም ዙህር ከሰገዱ በኋላ።

ወሬያችን ለሌላ ሰው ዋጋ የሌለው ወሬ ነው። የእኛ የአቃቂ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ሲሆን የአስመራው ዘጠና አምስት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ለምን? በዚህ ላይ ሁለት እሑድ ተከራክረናል። ሐጂ በመጨረሻ ሦስት ጣታቸውን አንድ ላይ ገጥመው አሳዩንና፣ ይህችው ናት ሁለቱን አገር የለየች፣ ብለው ዘጉት። ፍሬን ያዡ እኔን ባቡር በአጥር ቀዳዳ ያየህ ይለኝ ነበር። ሐጂ ደግሞ እሱን፣ አንተ ከኋላ ተቀምጠህ ያለፍክበትን አገር እንጂ የምትሄድበትን አይተህ አታውቅም ይሉታል። እሱም መልሶ፣ እርስዎ ሐጂ ቁልቁለቱን ሁሉ ዓይንዎን ጨፍነው ዱዓ ሲያደርጉ ነው የወረዱት፤ ሎሚውን በመዓዛው ነው ያወቁት፣ ይላቸዋል።

ደብተር ያመጣሁት እኔ ነኝ። የሚነገር ነገር ሥርዓት ካልተበጀለት ይጠፋል የሚል እምነት ነበረኝ፤ አሁንም አለኝ። ደብተሩን በአምስት ከፈልሁት፦ ጣቢያዎች፣ ድልድዮች፣ ዋሻዎች፣ ሞተሮች፣ አደጋዎች። ሕግም አወጣሁ። አንድ ሰው ብቻ የተናገረው አይጻፍም፤ ሁለት ሰው በዓይኑ ያየው ግን ይጻፋል። ከአስመራ በሚመጣ መኪና ላይ በባቡር ሥራ የነበረ ሰው ከተገኘ ሐጂ ሻይ እየጋበዙ በረንዳው ላይ ያስቀምጡታል፤ እኛም እንጠይቀዋለን። ስንት ድልድይ በዚህ መንገድ እንደተረጋገጠ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ከባዱ ክርክር በዋሻዎቹ ቁጥር የመጣው ነው። ተራራው እየተበሳ ሐዲዱ የሚያልፍባቸውን ዋሻዎች ሠራተኞቹ ጋለሪያ ይሏቸዋል። ሐጂ ሲቆጥሩ መጀመሪያ የተሳፈሩት ከአስመራ ነውና ከላይ ወደ ታች ይቆጥራሉ። ፍሬን ያዡ ከምጽዋ ወደ ላይ ይቆጥራል፤ የኪሎ ሜትሩ ድንጋይ ከባሕር ይጀምራል፣ በየዋሻው አፍም ላይ ቁጥሩ በነጭ ቀለም ተጽፏል አለ። እኔ ፈረድሁ። ሁለት ዓይነት ቁጥር ያለው ደብተር ደብተር አይባልም፤ ድንጋዩ ከባሕር ከጀመረ እኛም ከባሕር እንጀምራለን ብዬ ሐጂ የነገሩኝን ሁሉ ገልብጬ ጻፍሁት። ሐጂ ትከሻቸውን ነቅነቅ አድርገው ተዉት።

የተከራየሁባት ቤት ባለቤት ሠላሳ ዓመት ያለፋት ሴት ነበረች። እኔ እንዳገሬ እትዬ እላታለሁ፤ እሷም ሓወይ ትለኛለች፣ በትግርኛ ወንድሜ ማለት ነው። ጥጥ እየፈተለች ከታናሽ እህቷ ጋር ትኖራለች። አንድ ልጅ ወልዳ በሁለት ዓመቱ ሞቶባታል። ባሏ ከጦርነቱ በፊት ለጉልበት ሥራ ወደ አስመራ ከሄደ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል። በሄደበት ዓመት በኅዳር አንድ የጨው ነጋዴ መልእክት አደረሰላት፦ ደህና ነኝ፣ ሥራዬ ሦስተኛው ጋለሪያ ላይ ነው፣ ለትንሣኤ እመጣለሁ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም።

እኔ በመጣሁበት ዓመት፣ ከከተማው ወጣ ካለች ከኵሓ፣ ሁለት በሬ ያለው አንድ ሚስቱ የሞተችበት ገበሬ ሽማግሌ ላከባት። ጨዋ ሰው ነው ይሉታል። የንስሐ አባቷ ግን ባልሽ ለመሞቱ ከሁለት አፍ ቃል ካላመጣሽ አላጋባሽም፣ ተዝካሩንም አላወጣም አሏት። እሷ የሞተባትም ያለላትም አልነበረችም። ጥቁር አትለብስ፣ ፀጉሯን አትሠራ። ይህን ሁሉ የነገረችኝ አንድ ማታ መብራት ሳቀብላት ነው፤ መልእክቱን ስትደግምልኝ ሦስተኛው ጋለሪያ የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ልቤ ዘለለ። እኛ እኮ ይህን እናውቃለን አልኋት። ደስታዬን ፊቴ ላይ አይታው ይሆናል።

በማግስቱ እሑድ ይዣት ሄድሁ። ሴት በዚያ በረንዳ ላይ ስትቀመጥ የመጀመሪያ ጊዜ ነበር፤ ሐጂ በርጩማቸውን ለቀው እሳቸው ደፉ ላይ ተቀመጡ። ደብተሩን ገልጬ አደጋዎች ከሚለው ክፍል አነበብሁ። በሦስተኛው ዋሻ አፍ ላይ ባሏ በሄደበት ዓመት በጥር ወር ዝናብ ተራራው ተንዶ በጥገና ላይ የነበሩትን ሠራተኞች ሁሉ ቀብሯል፤ አንድም ሰው አልወጣም። ፍሬን ያዡ በማግስቱ ባቡሩ እዚያ ቆሞ አይቷል። ሐጂም ከመካ ሲመለሱ ሐዲዱ ተዘግቶ ከነጓዛቸው ወርደው ናዳውን በእግራቸው ዞረዋል። ሁለት ምስክር ያለው ነገር ነው። ከዚያም አብራራሁላት፤ ወደ ባሕር በሚያየው ገደል ዝናቡ የሚጥለው እንደኛ በሐምሌ አይደለም፣ በታኅሣሥና በጥር ነው፤ መልእክቱ የደረሰሽ በኅዳር ነው፤ ናዳው በጥር፤ ዝምታው ከዚያ ጀመረ። አንዱ ከአንዱ ጋር ገጠመ።

ሐጂ ጺማቸውን እየዳበሱ ሲያዳምጡ ቆይተው፣ “መምህር፣ ሰውዬው ሦስተኛ ያለው ከየት በኩል ነው?” አሉኝ።

ሴትዮዋ ቀና አለች።

እኔ ለዚህ መልስ ነበረኝ። ቁጥሩ በነጭ ቀለም በዋሻው አፍ ላይ ተጽፏል፤ እዚያ የሚሠራ ሰው ጧትና ማታ ያየዋል፤ ስለዚህ የሚጠራው በተጻፈው ቁጥር ነው አልሁ። ፍሬን ያዡም እንዲያ ነው፣ ባቡር ላይ ያለን ሰዎች ሁላችን እንዲያ ነበር የምንጠራው አለ። እሷ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ መሬት መሬቱን አየች፤ ከዚያ ተነሥታ ለሦስታችንም እጅ ነሥታ ሄደች። ማልቀሷን ቤት ደርሳ ነው የጀመረችው።

ቄሱ ዘንድ ሁለት ሰው መሄድ ነበረበት። ሐጂ እምቢ አሉ። “ናዳውን አይቻለሁ፤ ሰውዬውን ግን አላየሁም። ወላሂ ያላየሁትን አልመሰክርም” አሉ። እኔም አላየሁትም ነበር፤ ነገር ግን ጽፌዋለሁ። በጽሑፍ ያለ ነገር ካዩት ነገር የበለጠ ይመስለኝ ነበር መሰለኝ። ከፍሬን ያዡ ጋር ሄድን፤ እሱ ናዳውን መሰከረ፣ እኔ የዋሻውን ቁጥር። ቄሱ ደብተሩን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ገጹን ትክ ብለው አዩት። የመንግሥት መምህር የጻፈው ነው፣ አሉ፣ ይበቃል።

ፀጉሯን ተላጨች። ጎረቤቱ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ከቀረ ዘጠኝ ዓመት ለሆነው ሰው አስከሬን በሌለበት፣ ልብሱን አልጋ ላይ ዘርግተው አለቀሱለት፤ ተዝካሩም ወጣ። ጠላ ስጠጣ ሰዎች እየመጡ እግዚአብሔር ይስጥህ መምህር ይሉኝ ነበር። እኔም አሜን እል ነበር። ከጾሙ በፊት የኵሓው ገበሬ ወሰዳት፤ ቤቱን ለእህቷ ተወችላት፣ እኔም በዚያው ተከራይ ሆኜ ቆየሁ። በሦስተኛው ወር ነፍሰ ጡር መሆኗን እህቷ ነገረችኝ። ደብተሬ ላይ ስለ ናዳው በተጻፈው ግርጌ ለአንድ ቤተሰብ ጠቅሟል ብዬ ጨመርሁ።

ሚያዝያ ላይ ከአስመራ የመጣ መኪና አንድ የሚያስል ሽማግሌ ገበያው ላይ አወረደ። ወደ ራያ፣ ወደ አገሩ የሚሄድ ነው፤ በሐዲዱ ላይ ድንጋይ ሲያነጥፍ ስንት ዓመት ኖሯል። ሐጂ እንደ ልማዳችን ይዘውት መጡ። ሻይ ቀዳንለት። ከድልድዮቹ ጀመርሁ፤ ጥሩ ያውቃል። ወደ ዋሻዎቹ ስንደርስ የትኛው ላይ እንደ ሠራ ጠየቅሁት።

“አራተኛው ላይ” አለ።

በደብተሬ አራተኛው ዋሻ ከጊንዳዕ በታች፣ ሙቀቱ ያለበት አገር ነው። እንግዲህ በበጋ ሙቀቱ እንዴት ነበር አልሁት። ሽማግሌው ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ። ሙቀት? እኛ እዚያ በብርድ ነው ያለቅነው፤ ጧት ጉሙ ዋሻው ውስጥ ይገባል፤ አስመራ እኮ ከራሳችን በላይ ናት አለ። ቁጥሩን ከየት እንደሚጀምሩ ጠየቅሁት። እንዲህ ያለውን ጥያቄ ከመምህር አልጠበቀም መሰል ሐጂን አየ፣ ፍሬን ያዡን አየ፣ ከዚያ እንደ ልጁ ወደይ እያለ መለሰልኝ፦

“ከላይ ነዋ፣ ወደይ። የደጋ ሰው ሁሉ የሚገባው ከአስመራ ነው። መጀመሪያ የሚያገኘውን አንደኛ ይላል። ያላየውን አገር ይዞ እንዴት ይቆጥራል?”

በዋሻው አፍ ላይ ቁጥር ተጽፎ አልነበረም ወይ አልሁት። ነበረ፣ አለ፤ ግን ማን ያነበዋል?

ስምንት ወር ሙሉ ማንበብ የማይችሉ ልጆች ሳስተምር ኖሬአለሁ፤ አባቶቻቸው ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ፤ አንድ የጉልበት ሠራተኛ የተጻፈ ቁጥር አያነብብም ብዬ ግን አላሰብሁም። ባቡሩ ላይ የተቀመጡት ሰዎች እንደ ባቡሩ ቆጠሩ፤ ደብተር የያዝሁት እኔ እንደ ደብተሩ። ሰውዬው ግን የቆጠረው በእግሩ ነው።

ፍሬን ያዡ ቀስ ብሎ ስለ ሦስተኛው ጠየቀው፤ ከላይ ሲቆጠር ስለ ሦስተኛው። ጎረቤቶቻችን ነበሩ አለ ሽማግሌው። ናዳ? እነሱ ላይ ናዳ አልደረሰም፤ ናዳው የደረሰው ከታች ባሉት ላይ ነው፤ እኛ የሰማነውም ከሳምንት በኋላ ነው። የሦስተኛዎቹን ከዚያ በኋላ ሰብስበው በቆላው ወዳለው ወደ አቆርዳት ጣቢያ ወሰዷቸው። ስሙን ነገርነው፤ በዚያ ስም ሁለት ሰዎች ነበሩ አለ፤ አንዱ የዓድዋ፣ አንዱ የዚህ አካባቢ። ሲሄዱ ሁለቱም ነበሩ። ከዚያ ጦርነት መጣ። የሞተው ሞተ፣ ሱዳን፣ ወደ ከሰላ የተሻገረው ተሻገረ። እኔ ምኑን አውቃለሁ አለን። ሽማግሌው ሻዩን ጨርሶ ምርቃት መርቆን ሄደ።

ሦስታችን ቀረን። ፍሬን ያዡ ማንም ያልሰማው ነገር ነው፣ ተወው አለኝ። ሴትዮዋ አግብታለች፣ አርግዛለች፤ ያም ሰው ወይ ሞቷል ወይ ሌላ አገር ሌላ ሚስት አለው፤ እውነቱ ለማን ይጠቅማል? ሐጂ ግን ምስክርነት የአላህ አደራ ነው፣ አሉ፤ ነገር ግን ሂድ አላሉኝም። ሂድ እንዳላሉኝ ደጋግሜ አስታውሳለሁ፤ ምክንያቱም የሄድሁት በገዛ ፈቃዴ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ወደ ኵሓ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን አዘጋጀሁ፦ መጀመሪያ የቁጥሩን ነገር፣ ቀጥሎ የሽማግሌውን ቃል፣ በመጨረሻ ይቅርታዬን። ስደርስ እሷ ደጃፉ ላይ ምስር ትለቅማለች፤ ባሏ አጠገቧ ተቀምጦ የቀንበር ጠፍር ይጠግናል። ፀጉሯ ትንሽ አድጓል። ሆዷ ገና ብዙም አይታይም። ደስ ብሏት ተነሣች።

እንዴት እንደምጀምር አውቅ ነበር፤ ጀመርሁም። መሬት ላይ በዱላ መስመር አሰመርሁ፤ ይሄ ምጽዋ ነው፣ ይሄ አስመራ። ፊቷ ወዲያው ተለወጠ። “ሓወይ፣ ደክሞሃል፤ መጀመሪያ ውሃ ጠጣ” አለችኝ። ጠጥቻለሁ አልሁና ቀጠልሁ። እንደገና ሌላ ቀን ትነግረኛለህ፣ ከተማ ስወርድ እመጣለሁ አለች። ይህን ስትል ዓይኗን ወደ ባሏ ላከችው፤ እኔም አየሁ፤ ያየሁትን ግን አላነበብሁትም። በግማሽ የተነገረ ነገር ከውሸት ይቆጠራል ብዬ ዋሻዎቹን አንድ በአንድ በዱላው ነካካሁ፤ ከታች ሦስት፣ ከላይ ሦስት። ሽማግሌው ያለውን ሁሉ ሳልቀንስ ነገርሁ።

ባሏ ጠፍሩን አስቀመጠ። የተረዳው ገና ከመካከሉ ነው።

“እንግዲህ ሰውዬው ሞቷል ወይስ አልሞተም?” አለኝ።

አላውቅም አልሁት።

“እንግዲያው የሰው ሚስት ይዣለሁ ማለት ነው።” ይህን የተናገረው በቁጣ አይደለም። በሬ ጠፍቶበት እንደሚያስብ ሰው ወደ ማሳው እያየ ነው።

እሷ ምስሩን በሰፌዱ ላይ ማንቀሳቀሷን አቁማለች። ከዚያ ተነሥታ እስከ አጥሩ በር ሸኘችኝ፤ ለእንግዳ የሚገባ ነውና። በሩ ጋ ስንደርስ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ያለችኝን ቃል በቃል እጽፋለሁ፦

“የሄደው ባሌ ባሕር አይቶ አያውቅም። ያን ቀን ሐጂ ከየት በኩል ብለው ሲጠይቁህ እኔ መልሱን አውቀው ነበር። አንተ ሌላ መልስ ሰጠህ፤ እኔም ዝም አልሁ። ዘጠኝ ዓመት ጠብቄዋለሁ፣ ሓወይ። ኃጢአቱን ለብቻዬ ተሸክሜው ነበር፤ አንተ መጥተህ ከቤቴ መካከል አወረድኸው።”

በሩን ዘጋችው።

የኵሓው ሰው በሳምንቱ ወደ ቄሱ ሄደ። ደግ ሰው ባይሆን ኖሮ ዝም ይል ነበር፤ ደግ በመሆኑ ሄደ። ቄሱ እኔንና ፍሬን ያዡን አስጠሩን፤ ቃላችንን መለስን። እርግጠኛ ወሬ እስኪመጣ ተለያይታችሁ ቆዩ ተባሉ። የሰጣትን እህልና ጋቢ በአህያ ጭኖ እሱ ራሱ ወደ ከተማ አመጣት፤ ደጃፉ ላይ አራግፎ ውስጥ ሳይገባ ተመለሰ። እኔ በዚያው ግቢ ነበርሁ። በማግስቱ ዕቃዬን ይዤ ከትምህርት ቤቱ ጎን ወዳለ ክፍል ተዛወርሁ፤ ሂድም ቆይም አላለችኝም።

ወሬ ለማግኘት የምችለውን አደረግሁ። ወደ አቆርዳት በሾፌር እጅ ሁለት ደብዳቤ ላክሁ፤ አንዱ ጠፋ፤ ለሁለተኛው አንድ የጣቢያ ጸሐፊ መለሰልኝ። እነዚያ ሠራተኞች በጦርነቱ ተበትነዋል፣ ስማቸው የተጻፈበት ወረቀት የለም፣ ስምንት የሚሆኑ ከጣቢያው ጀርባ ተቀብረዋል፣ እነማን እንደሆኑ ግን የሚያውቅ የለም ይላል። ደብዳቤውን ለእህቷ አነበብሁላት። ለእሷ እንድትነግራት አልለመንሁም፤ እንደነገረቻት ግን አውቃለሁ።

የእሑዱ ስብሰባ በራሱ ቀረ። ፍሬን ያዡ ጫማዬን ሳሠራ እንኳ ስለ ባቡር አያነሣም። ሐጂ በረንዳውን በጆንያ ሞሉት። ደብተሩን አላቃጠልሁትም፤ ማቃጠል ለእኔ ቅጣት ሳይሆን መገላገል ይሆንልኝ ነበር። ሴት ልጅ ወለደች። ለክርስትናው አባት ተብሎ የሚጠራው ማን እንደሚሆን ጭቅጭቅ ነበር፤ በመጨረሻ የኵሓው ሰው መጥቶ ቆመ፣ ሕፃኗን ሳመ፣ ለእናቲቱ ከሩቅ እጅ ነሥቶ ሄደ። አላገባም። በየመከሩ አንድ ጆንያ ጤፍ ይልክላታል።

ልጅቷ ጡት እንደጣለች፣ ዕረፍት ሰዓት ላይ እናትዮዋ ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ድረስ መጣች። ከኵሓ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም። ለመንገድ የተዘጋጀች ናት፤ ልጇን አዝላለች፣ ስንቋን ይዛለች። ወደ አስመራ፣ ከዚያም ወደ አቆርዳት እሄዳለሁ አለችኝ። ባሏን በሕይወት ካገኘችው አብራው ልትቀመጥ ወይም ፍታኝ ልትለው፣ ካላገኘችው ደግሞ የተቀበረበትን የሚያሳያት ሰው ልትፈልግ ነው። ትግርኛ ለማይሰሙ ሰዎች የምታሳየው ወረቀት እንድጽፍላት ፈለገች።

ከቢሮው ወረቀት አመጣሁ። የባሏን ስም በአማርኛ ጻፍሁ፣ ከሥሩ በጣሊያን ፊደል ጻፍሁ። ቀጥዬ የሠራበትን ዋሻ፣ የሄደበትን ጊዜ፣ የነገሩን መነሻ ላብራራ ስጀምር እጇን ወረቀቱ ላይ አሳረፈች።

“ስሙ ይበቃል” አለችኝ።

ሰጠኋት። አጣጥፋ በመቀነቷ ቋጠረችው። መኪናው ወደ ውቅሮ የሚነሣበት ድረስ ልሸኛት አልሁ፤ ልጆቹ ይጠብቁሃል ግባ አለችኝ፤ እኔም ገባሁ። የዚያን ሰዓት ትምህርት ማካፈል ነበር።

ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አለፈው። በመጀመሪያው ዓመት ከከረን አካባቢ በአንድ ሾፌር አፍ ደህና ነኝ የሚል ቃል ለእህቷ ደርሷታል። ባሏን አገኘችው አላገኘችው ቃሉ አይናገርም፤ እህቷም ሾፌሩን ሳትጠይቀው ሄደባት። ከዚያ ወዲህ ምንም አልመጣም። የኵሓው ሰው ዘንድሮም ጤፉን ልኳል። እህቷ ተቀብላ አስቀምጣዋለች፤ አልፈጨችውም።